ቅጠል የሌለው ሻይ

ጠመንጃ በአፈሙዙ ባሩድ እየጎረሰ በሚተኮስበት፣ ወሬም ከፈረስ ፈጥኖ በማይደርስበት በዚያ ዘመን፤ ጦርነቱ በገባ በአራተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ገና ድፍርስ ሳለ፣ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ሁለት ጦር ተፋጦ ቆሞ ነበር። ከላይ በኮረብታው ምሽግ ውስጥ የኮረብታው ሰዎች ሰፍረዋል፤ ከታች በሜዳው ላይ የባሕሩ ሰዎች ድንኳናቸውን ተክለዋል፤ ከተማዪቱ ደግሞ በመሀል ተቀምጣ የሁለቱንም አቧራ ትቅማለች። ከሁለቱም ጋር ተጣልታ አታውቅም፤ ሁለቱም ግን ከእርሷ የሚወስዱት አጥተው አያውቁም።

ከድልድዩ ሥር፣ ገመድ ሠሪዎች ከሚያከሩበት አጥር አጠገብ፣ ባለ ሁለት ክፍል የሻይ ቤት ነበረች። ከፊት ያለው ክፍል አግዳሚ ወንበሮችና አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለው፤ ከኋላ ያለው ጓዳ ነው። ቤቱን የሚያስተዳድሩት አንዲት ባልቴትና ምራታቸው ነበሩ። ምራቲቱን ሰፈርተኛው “እትዬ ለምን” ይላታል፤ ስሟ ሆኖ አይደለም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ማንኛውንም ነገር “ለምን?” ሳትል ማለፍ ስለማትችል ነው። ባሏ ሊያጫት የመጣ ዕለት “ወደድኩሽ” ቢላት “ለምን?” አለችው ይባላል፤ እሱም መልስ ሲፈልግ እስኪመሽ ቆይቶ፣ እንዳጣ አገባት።

ይህ ባሏ ጀልባ ቀዛፊ ነበር። የባሕሩ ሰዎች በግድ ዱቄት አሻግር ብለው ጫኑት፤ የኮረብታው ሰዎች ደግሞ ከነጀልባው ከነዱቄቱ ያዙት። እሱም ከሌሎች ጋር ምሽጉ ውስጥ ከታሰረ ዓመት አልፎታል። ሚስቱ በየጠዋቱ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ያንን ኮረብታ ነበር፤ አይታም “ጌታዬ፣ ዛሬንም ጠብቅልኝ” ትልና አግዳሚ ወንበሮቹን ትወለውላለች።

መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የሻይ ቅጠልም የቡና ፍሬም ለከተማው ሰው ሕልም ሆኖ ነበር፤ ጦሩ ብቻ ከየአገሩ ያስመጣል። አማቷ ግን ከጓሯቸው ብርቱካን ልጣጭ፣ ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድ፣ ከሄልና ከዝንጅብል ቅጠል የሌለው ሻይ አፍልተው ሰፈሩን አስለምደውት ነበር። የቀመሰ ሁሉ ይመለሳል። የሚያፈሉት ግን ጓዳውን ዘግተው ነው። ምራታቸው “ለምንድነው እማማ በር የሚዘጉት?” ስትላቸው፣ “አንቺን አስገብቼ ለእያንዳንዱ ቅርንፉድ ምክንያት ስሰጥ ልዋል?” ይሏታል፤ እሷም ትስቅና ወደ ብርጭቆ አጠባዋ ትመለሳለች።

ባለፈው ክረምት ግን አንድ ቀን ማለዳ ባልቴቷ ከመኝታቸው ሊነሡ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ያ ሁሉ ቀልድና ተረብ የሚፈስበት አፍ ከቃል ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ተረፈው፤ “ተይው”። ሲርባቸው “ተይው”፤ ሲበርዳቸው “ተይው”፤ ጠግበው ሲመርቁም “ተይው”። ምራታቸው ከዓይናቸውና ከግራ እጃቸው እያነበበች ቀስ በቀስ ለመደችው። ሻዩ ግን በዚያው ቆመ፤ ቤቱም ትኩስ ውሃና የተጠበሰ በቆሎ እየሸጠ ከረመ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የከተማው ሹም አዛዥ ሰይፋቸውን ታጥቀው፣ ካባቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃውን እየዘለሉ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ቅጠል የሌለውን ሻይ የሚያፈሉት ሴት ማን ናቸው?”

“እሳቸው ናቸው ጌታዬ” አለች እትዬ ለምን፣ በጥግ ወደ ተቀመጡት አማቷ እያሳየች። “ግን ካመማቸው…”

“ተይው” አሉ ባልቴቷ።

አዛዡ ዓይናቸውን አፈጠጡ። “እኔን ነው?”

“አይ ጌታዬ፣ ለእኔ ነው የሚናገሩት። ስለ እርስዎ ይሁን ስለ ሌላ ግን አላውቅም።”

አዛዡ ይህን እንዳልሰማ አለፉትና ነገሩን አስረዱ። የሁለቱ ጦር አለቆች በድልድዩ መካከል ባለው ቀረጥ ቤት ለመነጋገር ተቀምጠው ነበር፤ የኮረብታው አለቃ ቡና ይዘው መጡ፤ የባሕሩ አለቃ ሻይ ይዘው መጡ። ባዶ አፍ ቃል አይገባም ተብሎ መጠጥ ይቅረብ ሲባል፣ አንደኛው የሌላውን ጽዋ ቢያነሣ ወታደሩ “አለቃችን እጅ ሰጠ” ይላልና ሁለቱም እምቢ አሉ።

“ታዲያ ለምን ውሃ አላቀረባችሁላቸውም?”

“አቀረብን! ‘ውሃማ የእስረኛ ነው’ ብለው ተነሥተው ሄዱ። የአራት ዓመት ደም እያለ በጽዋ ተጣሉልሽ! ሹሙ ለምነው ለምነው፣ ለሐሙስ ጠዋት እንደገና እንዲቀመጡ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ ግን የለም። ‘የሁለቱም ያልሆነ መጠጥ ፈልጉ’ ብለዋል።”

“ሊነጋገሩ የነበረው ስለ ምን ነው ጌታዬ?”

“መጀመሪያው ስለ እስረኛ ልውውጥ ነው። ሐሙስም ካልተስማሙ የኮረብታው ሰዎች እስረኞቻቸውን ከተራራው ማዶ ወደ ድንጋይ መፍለጫው ይነዷቸዋል።”

ከድንጋይ መፍለጫው የተመለሰ ሰው እንደሌለ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እትዬ ለምን የያዘችውን ጨርቅ ጠመዘዘችው፤ ከጨርቁ የወጣው ውሃ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ፤ አላስተዋለችውም።

“ሐሙስ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ” አለች።

“ታውቂበታለሽ?”

“አዎ ጌታዬ።”

አዛዡ እንደወጡ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ “አምላኬ ሆይ፣ ውሸቴን እስከ ሐሙስ እውነት አድርግልኝ” አለች።

ሻዩ ውስጥ የሚገባው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ እንዴት እንደሚገባ ነው የማታውቀው። ቅመም ነጋዴው፣ በሰፈሩ አጠራር ጋሼ ቀረፋ፣ ከጦርነቱ በፊት ካከማቸው የመጨረሻውን ጠርሙስ ገልብጦ አመጣላት። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። እሷ ብርቱካኑን ልጣ፣ ልጣጩን ከቅመሙ ጋር ውሃ ውስጥ ጨምራ፣ እሳት እያነደደች ረጅም ሰዓት አንተከተከችው። ቤቱ በመዓዛ ተሞላ፤ ገመድ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ትተው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ፤ “ባልቴቷ ተነሡ እንዴ?” ተባለ። ጋሼ ቀረፋም ምራቁን እየዋጠ ብርጭቆውን አነሣና አንዴ ተጎነጨ። ፊቱ እንደ ደረቀ ሎሚ ተጨማደደ።

“ምን ሆነ?”

“እትዬ፣ ይሄን ካጠጣሻቸው ጦርነቱ ቀረጥ ቤቱ ውስጥ ይጀመራል።”

እሷም ቀመሰችው። ከላይ የቅርንፉድ መፋጀት፣ ከሥር ደግሞ ጉሮሮ የሚይዝ ምሬት ብቻ ነበር፤ ያ ሁሉ የብርቱካን ሽታ የት እንደገባ አይታወቅም። ብርጭቆውን ይዛ ወደ አማቷ ሄደች፤ በማንኪያ ጠብታ አቀመሰቻቸው።

“እማማ፣ ምኑ ነው የተበላሸው?”

ባልቴቷ ከንፈራቸውን ላሱ፤ ግራ እጃቸውን ወደ ምድጃው ዘረጉ፤ እምድጃው ዳር ማንቆርቆሪያውም አለ፣ የልጣጩ ሰሃንም አለ። “ተይው” አሉ ጠበቅ አድርገው።

“አየሽ!” አለ ጋሼ ቀረፋ። “ልጣጩን ነው ያሳዩሽ። ከውስጥ ያለው ነጩ ነው የሚመረው፤ ነጩን ተይው፣ አታስገቢው ማለታቸው ነው።”

እሷም ተቀምጣ የልጣጩን ነጭ በቢላዋ እየፋቀች አወጣችው፤ ጣቷ እስኪላጥ ድረስ ፋቀችው። እንደገና አንተከተከች። ምሬቱ ቀነሰ፤ ግን ሌላውም ሁሉ አብሮ ቀነሰ።

“አሁንስ?”

“አሁን ብርጭቆ የታጠበበት ውሃ ሆኗል” አለ ጋሼ ቀረፋ። “ሰው አይሞትበትም፤ ሰው አይታረቅበትም።”

ባልቴቷ ይህንንም ቀምሰው እጃቸውን ወደ ምድጃው ዘረጉ። “ተይው!”

ጋሼ ቀረፋ ግንባሩን መታ። “ለካ ተገላቢጦሽ ነው! ነጩን ተይው ማለት፣ ባለበት ተይው፣ አትንኪው፣ አትፋቂው ማለት ነው!”

“ቅድም ተይው ማለት አታስገቢው ነው ብለህ አልነበረም?”

“ቅድም ቅድም ነው።”

“ጣቴ ሳይላጥ ለምን አልነገርከኝም?”

“እኔ ቅመም ሻጭ ነኝ፤ አስተርጓሚ ነኝ?”

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ተናደው እየሳቁ፣ እየሳቁ ተናደው በዚያች ቃል ሲከራከሩ ዋሉ፤ ገመድ ሠሪዎቹም ገብተው ግማሾቹ “አስወጪው ነው”፣ ግማሾቹ “አትንኪው ነው” ብለው ተከፈሉ፤ ከተማዪቱ በአቅሟ ሁለት ጦር አወጣች።

ረቡዕ ማለዳ እትዬ ለምን ሰውን ሁሉ አስወጥታ በሩን ዘጋችና እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ጀመረች። እያንዳንዱን ለብቻው አፏ ውስጥ አስገባች። ቅርንፉዱን ስትነክሰው ምላሷ ደነዘዘ፤ ቀረፋው ሲታኘክ መጀመሪያ እንጨት ነው፤ ቆይቶ ነው የሚጣፍጠው። ሄሉን ስትፈለቅቀው ቀዝቃዛ ነፋስ አፍንጫዋ ውስጥ የገባ መሰላት። የብርቱካኑን ነጭ ብቻውን አኘከችው፤ እንደ ጥጥ ነበር፤ ምሬቱ የመጣው ቆይቶ ነው። ቀጥላ የልጣጩን ቢጫ ፊት ወደ እሳቱ አጠፍ ስታደርገው ጢስ የመሰለ ደቃቅ ጠብታ ፊቷ ላይ ተረጨ፤ ነበልባሉም ቦግ አለ። “አይ የፈጣሪ ሥራ!” አለች ተገርማ። “ይህ ሁሉ ሽታ እዚህች ቀጭን ቆዳ ውስጥ ነበር?” ደጋግማ አጠፈችው፤ ደጋግማ አሸተተችው፤ የያዘችውን ጉዳይ እስክትረሳ ድረስ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣባት። ትናንት ስታፈላ ሽታው ገመድ ሠሪዎቹ ጋ ደርሶ ነበር። አማቷ ሲያፈሉ ግን፣ እሷ ከፊት ክፍል ሆና ብርጭቆ ስታጥብ፣ አንድም ቀን ሸቷት አያውቅም፤ የሚሸታት ጽዋው አፍንጫዋ ሥር ሲደርስ ብቻ ነበር። ለምን? ሽታው ሰፈር ለሰፈር ከዞረ ጽዋው ውስጥ ምን ይቀራል?

ይህን እያሰበች ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን፣ ሄሉንና ዝንጅብሉን አፈላች፤ ልጣጩን ከነነጩ ገና ጨምራ ማማሰያውን ስታነሣ፣ ከውጭ ጩኸት ተሰማ።

“እስረኞቹን አወጧቸው! ማዶ ላይ ናቸው! ኑ እዩ!”

ማንቆርቆሪያውን ከእሳቱ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ክዳኑን ደፍታ፣ ከላዩ ነጠላዋን ጥላበት በረረች። የድልድዩ ጫፍ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ከማዶ፣ ከምሽጉ በር በታች፣ ሰዎች በሰንሰለት ተያይዘው በተርታ ቆመው ይታያሉ፤ ለጉዞ እየተዘጋጁ እንደሆነ ከተማው እንዲያይ ነው ያወጧቸው። እትዬ ለምን እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ አየች። ሁሉም ጢማም ነው፤ ሁሉም ጎባጣ ነው። በአረማመድ ልለየው አለች፤ የሚራመድ የለም። ከአጠገቧ የቆመችው የቆዳ ፋቂው ሚስት “ያ ረጅሙ የእኔ ነው! ያ የእኔ ነው!” ትላለች፤ እሷ ግን የእኔ ነው የምትለው አላገኘችም። መልሰው እስኪያስገቧቸው ድረስ ቆማ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ተመለሰች።

ማንቆርቆሪያው ከተወችው ቦታ ላይ ነበር። ነጠላዋን አነሣች፤ ክዳኑን ስትከፍተው ሽታው በአንድ ጊዜ ፊቷ ላይ ወጣ፤ ልክ ማለዳ እሳቱ ላይ የተረጨው ያ ጠብታ፣ ግን ለስላሳ ሆኖ፣ ከቀረፋው ጋር ተዋሕዶ። ቀዳችና ቀመሰች። ቀመሰችና ቁጭ አለች። ምሬቱ አልጠፋም፤ ግን በመጨረሻ ላይ ትንሽ ብልጭ ብሎ ምራቅ የሚያመጣ፣ ሌላ ጉንጭ የሚያስመኝ ምሬት ነበር።

“እማማ!” አለች ብርጭቆውን ይዛ እየሮጠች። “እማማ፣ ነጩን አይደለም እንዴ! ማንቆርቆሪያውን ነው! ጨምሪበትና ተይው፣ አትንኪው፣ ይረፍ ነው ያሉኝ?”

ባልቴቷ በግራ እጃቸው ብርጭቆውን ተቀበሉ፤ ቀስ ብለው ጠጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደዚያ ብለው ይሁን አይሁን ፈጣሪ ያውቃል። ያን ቀን ግን አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ባዶውን ብርጭቆ መልሰው ድገሚኝ ብለው ዘረጉላት፤ በደህናው ጉንጫቸውም ሳቁ።

ሐሙስ ጠዋት በቀረጥ ቤቱ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር። በአንድ ወገን የኮረብታው ጦር አለቃ፣ ሽበታም፣ አንገተ ደንዳና፤ በሌላው ወገን የባሕሩ ጦር አለቃ፣ ቀጭን፣ ልብሱ እንከን የሌለው፤ ከየኋላቸው መኳንንቱና ጸሐፊዎቹ ቆመዋል። እትዬ ለምን ቅመሙን በቀረጥ ቤቱ ምድጃ አፍልታ ገባች፤ በፊታቸው ልጣጩን ጨመረች፤ ክዳኑን ደፍታ ነጠላዋን ጠቀለለችበት፤ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

“የማን አገር መጠጥ ነው?” አሉ የኮረብታው አለቃ።

“የማንም አይደለም ጌታዬ። የልጣጭ ነው።”

“ታዲያ ለምን አይቀዳም?” አሉ የባሕሩ አለቃ።

በሕይወቷ ሙሉ ለምን ስትል የኖረች ሴት፣ አሁን ተራው ደርሷት ልትመልስ ሆነ። “ካልቆየ አይሆንም ጌታዬ። አሁን ከተከፈተ ለአፍንጫ ሆኖ ለአፍ አይተርፍም።”

“ጦር አቁመን ልጣጭ እንጠብቅ?”

“እባክዎን ጌታዬ” አለች። “ትንሽ ነው።”

አዛዡ በጥግ ቆመው ላብ አጠመቃቸው። የሚጠጣ የለም፤ የሚናገር የለም፤ ተነሥቶ መሄድ ደግሞ ማንቆርቆሪያ መጠበቅ አቃተው ሊያሰኝ ነው። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ዓይናቸው ሁሉ እዚያች የተጠቀለለች ነገር ላይ አረፈ። በመጨረሻ የኮረብታው አለቃ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

“ቅርንፉድ አለበት” አሉ ለማንም ሳይሆን።

“ቀረፋ ነው” አሉ የባሕሩ አለቃ።

“ቅርንፉድ ነው። እኔ ቅርንፉድን አውቀዋለሁ፤ የሚያመኝ ጥርሴ ውስጥ ሳልወትፈው ያደርኩበት ቀን የለም።”

የባሕሩ አለቃ ቀና አሉ። “ከላይ ነው ከታች?”

“ከታች። የመጨረሻው።”

“የእኔም ከታች ነው። የእኛ ሐኪም ልንቀለው ቢለኝ ዘመቻው ይለፍ አልኩት።”

“እኔም እንደሱ ነው ያልኩት!”

ከመኳንንቱ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እትዬ ለምን ክዳኑን ከፈተች፤ መጀመሪያ ለራሷ ቀድታ በፊታቸው ጠጣች፤ ከዚያም ሁለቱን ጽዋ እኩል፣ በአንድ ጊዜ፣ በሁለት እጇ አቀረበች። ሁለቱም ተጎነጩ። ሁለቱም ቅርንፉዱ ሲደርሳቸው መንጋጋቸውን ያዝ አደረጉ። እሷ ከዚያ በኋላ ውጪ ተባለች፤ ምን እንደተባባሉም አልሰማችም። ፀሐይ ከአናት እስክታልፍ በሩ አልተከፈተም፤ ማንቆርቆሪያው ግን ሁለት ጊዜ ባዶውን ወጥቶ ሞልቶ ተመለሰ።

በማግስቱ ሁለቱ ወገኖች በድልድዩ ላይ እስረኞች ተለዋወጡ። ከማዶ የሚመጡት ዓይናቸውን ከፀሐይ እየከለሉ፣ ከእግራቸው የወለቀው ሰንሰለት አሁንም ያለ ይመስል በአጭር እርምጃ ይራመዱ ነበር። የቆዳ ፋቂው ሚስት ያን ረጅም ሰው አቅፋ ያዘችው፤ ፊቱን ስታይ ባሏ አልነበረም። ለቀቀችው፤ እንደገና ወደ ድልድዩ ዞረች፤ የመጨረሻው ሰው ካለፈ በኋላም እዚያው ቆማ ነበር። እትዬ ለምን ያቺን ሴት እስክትሞት ድረስ አልረሳቻትም፤ ሐዘኗንም አብራት ተቀመጠች።

የእሷ ባል በመጨረሻዎቹ መሀል መጣ። መጀመሪያ ያወቀችው እሷ አይደለችም፤ እሱ ነው ፊቷ ቆሞ “ቤት አለ?” ያላት። ቤት ሲገባ እናቱ በአንድ እጃቸው ፊቱን ዳሰሱት፤ ጢሙን፣ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ እንደ ዕቃ ገዥ ዳሰሱት። በር የተዘጋበት ክፍል ግን አላስቀምጥ ስላለው ወንበሩን ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ወጣ። ለብዙ ወር እዚያው በላ፣ እዚያው ተኛ። ሚስቱ ስለዚያ ምሽግ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችውም።

የዚያ እርቅ ዕድሜ አጭር ነበር፤ ሁለቱ ጦር በዓመቱ ተመልሶ ተታኮሰ፤ ዛሬ ያ ድልድይ የለም፤ ቀረጥ ቤቱም የለም። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ቀኑን አልዘለሉትም። የኮረብታው ሰዎች ጸሐፊ “አለቃችን የባሕሩን አለቃ ቡና አጠጥተው እስረኛ አስለቀቁ” ብሎ ጻፈ፤ የባሕሩ ሰዎች ጸሐፊም “አለቃችን የኮረብታውን አለቃ ሻይ አስጠጥተው እስረኛ አስለቀቁ” ብሎ ጻፈ። ሁለቱም በክፍሉ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱም በዓይናቸው ያዩትን ትተው አገራቸው የምትፈልገውን ጻፉ፤ የተማረ ሰውም እስካሁን ቡና ነበር ሻይ ነበር ብሎ ይከራከራል። ስለ ልጣጩ የሚያነሣ የለም። እትዬ ለምን ግን መጽሐፉን አላነበበችውም፤ ማንበብም አትችልም ነበር። ጸሐፊዎቹ ብርዕ ሲያነክሩ፣ እሷ ወደ ደጃፍ ብቅ እያለች፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ በእንቅልፍ ልቡ ያንጠለጠለውን ብርድ ልብስ እያነሣች ትከሻው ላይ ትመልስለት ነበር።